ሹክሹክታ እና የቀርከሃ ሰይፍ

ወንድሜ ጃፓን ሰባት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ይዞ የመጣው አራት ትልልቅ ጥቁር ከረጢትና ከቁመቱ ትንሽ የሚያንስ አንድ ረጅም ጥቅል ነበር። እናታችን ጥቅሉን በዓይኗ ለካችና ምንጣፍ ነው አለች። እኔ የመጋረጃ ዘንግ መስሎኝ ነበር። ሲፈታው ሃያ የቀርከሃ ዱላ ወጣ። ከረጢቶቹ ሲከፈቱ ደግሞ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ የራስ ቁር፣ የደረት መከላከያ፣ እንደ ቦክስ ጓንት ያበጠ የእጅ መሸፈኛ፣ ከሁሉም በፊት ግን የሰባት ዓመት ላብ ሽታ ወጣ። እናታችን መስኮቱን ከፈተችና «ልጄን ምን ሲያሠሩት ነው የከረሙት?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ወንድሜ አንዱን ዱላ በሁለት እጁ ይዞ ሰይፍ ነው አለኝ። አራት ፍላጭ ቀርከሃ ጫፍና ጫፉ ላይ በቆዳ ታስሮ የተሠራ ነው። ከጫፉ እስከ እጀታው አንድ ቢጫ ክር ተወጥሮበታል። ክሩ ያለበት የሰይፉ ጀርባ ነው፣ ስለቱ በወዲያኛው በኩል ነው እያለ አስረዳኝ። ስለት የሌለው ነገር ስለቱ በየት በኩል እንደሆነ ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረም። ይሄ ልጅ ደህና አይደለም ብዬ ሰጋሁ፤ ግን ደግሞ የቀረውን ማወቅ ፈለግሁ። የኔ በሽታ ይሄ ነው። የማይመለከተኝን ሁሉ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ የዩኒቨርሲቲው ጂምናዝየም ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይባላል እንጂ ሥራዬ ቁልፍ መያዝ፣ ኳስ መቁጠርና ወለል መጠበቅ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጫማ አውልቁ» እያልኩ ጉሮሮዬ ተልጧል፤ የሚሰማኝ ግን የለም። ተማሪዎቹ በሌለሁበት «እትዬ ወለል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ቤተኛ ነው፣ ሁሉንም ይዞልኝ ይመጣል።

ወንድሜ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለ ብረታ ብረት ሊያስተምር ተቀጠረ። በሁለተኛው ሳምንት ቢሮዬ መጥቶ አዳራሹን ማክሰኞና ሐሙስ ከዐሥር ሰዓት በኋላ እንድሰጠው ለመነኝ። ተማሪዎችን ከኬንዶ ጋር ላስተዋውቅ ነው አለ። ኬንዶ ምን ማለት ነው ስለው የሰይፍ መንገድ ማለት ነው አለኝ። መንገዱ የት ያደርሳል ብዬ ጠየቅሁት።

«ገና አልደረስኩም» አለኝ።

ሰባት ዓመት ሄዶ ያልደረሰበትን መንገድ ለሌላ ሰው ሊያሳይ ነው ማለት ነው። ፈቀድኩለት፤ ወንድሜ ስለሆነ ብቻ ግን አይደለም። ሰዉ ሁሉ በባዶ እግሩ ነው የሚገባው ስላለኝ ነው።

ከዚያ ሕጉን እንድተይብለት ሰጠኝ። በእጁ የጻፋቸው ዐሥራ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፤ ጽሕፈቱ ጉንዳን የተራመደበት ይመስላል። ሲገቡና ሲወጡ እጅ መንሳት፣ ሰይፍን ተራምዶ አለማለፍ፣ ከልምምድ በፊትና በኋላ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። ይሄን ስተይብ እጄ ራሱ ደስ አለው። ዐሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ነጥብ ያስቆጠረ ተጋጣሚ ቢዘል፣ እጁን ቢያነሳ ወይም ደስታውን ቢያሳይ ነጥቡ ይሰረዛል ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ሰው አሸንፎ ደስ እንዳይለው የሚከለክል? ይሄን አንብቦ የሚመዘገብ ወጣት ከየት ይመጣል? ወንድሜ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ዱላውን ይዞ ብቻውን ቆሞ ታየኝ። ቁጥሩን ዘለልኩት። ዐሥራ ሁለተኛውን፣ ማለትም ከዳኛ ጋር መከራከር ክልክል ነው የሚለውን፣ ዐሥራ አንደኛ አደረግሁትና በደማቅ ፊደል ጻፍኩት፤ እሱን ወድጄዋለሁ። ወረቀቱን በሩ አጠገብ ለጠፍኩት። ወንድሜ ሕጉን በቃሉ ስለሚያውቀው ዞር ብሎም አላየው። ለማንም አልተናገርኩም።

የመጀመሪያው ቀን አርባ ተማሪ መጣ። ሁሉም ዓይናቸው ከረጢቶቹ ላይ ነው፤ የራስ ቁሩን አጥልቀው ፎቶ ሊነሱ ቋምጠዋል። ወንድሜ ግን ለእያንዳንዳቸው እርጥብ ጨርቅ አደላቸው። አርባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎንበስ ብሎ፣ ጨርቁን በሁለት እጁ ተጭኖ፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየሮጠ ወለሌን ሲወለውል አየሁ። ቢሮዬ ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ዕንባዬ መጣ። ማንም እንዳያየኝ የኳስ መዝገቡን ገለጥኩ።

ቀጥሎ አንድ ሰዓት ሙሉ መራመድ ብቻ ተማሩ። እግር አይነሳም፣ ይንሸራተታል። የግራው ተረከዝ በወረቀት ውፍረት ከወለሉ ከፍ ይላል፤ ቀኙ ወደፊት ሲሄድ ግራው ይከተላል እንጂ አይቀድምም። «ሰይፉስ?» ሲሉት ይደርሳል ይላቸዋል። በሳምንቱ ሃያ ቀሩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዐሥራ አንድ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ያልሰማ ትውልድ ነው ብዬ ተናደድኩ። ወንድሜ ግን ዐሥራ አንዱን እንደ አርባ አድርጎ ያስተምራል።

ሰይፍ ሲይዙ ደግሞ ጩኸት መጣ። የሚመታው ቦታ ስሙ ይጠራል። ራስ ሲመታ ሜን፣ አንጓ ሲመታ ኮቴ፣ ጎን ሲመታ ዶ። ኮቴ ሲባል ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ፤ ፈረስ መጣ ተባባሉ። ወንድሜ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠበቃቸውና ምክንያቱን ነገራቸው። ሰይፍ፣ እግርና ድምፅ እኩል ካልደረሱ ምቱ አይቆጠርም። ዝም ብሎ የተመታ ምት አቧራ ማራገፍ ነው። ሰው ሲጮህ የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ፍርሃቱም ቆራጥነቱም ከአፉ ይወጣል። ይሄን ከመስታወቱ ጀርባ ስሰማ ቤት ሄጄ መስታወት ፊት «ሜን» ብዬ ለመጮህ ሞከርኩ። እናቴ ምን ነካሽ ብላ ሮጣ መጣች።

ልጅቷን ያየኋት ያን ሰሞን ነው። ከላይኛው የተመልካች ወንበር ላይ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ገጽ ግን አትገልጥም። ማክሰኞ መጣች፣ ሐሙስ መጣች፣ በሚቀጥለው ማክሰኞም መጣች። ወጥቼ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምን አልሽ? አልኳት። አሁንም ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛ ጊዜ ጆሮዬን አፏ አጠገብ ሳደርስ ነው «እየሰማሁ ነው» ማለቷ የገባኝ። የክፍል ጓደኞቿ ሹክሹክታ ነው የሚሏት። ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ናት።

ነገሯን ቀስ በቀስ አወጣሁት። የሕግ ተማሪዎች ምስለ ችሎት የሚሉት ፈተና አለ፤ በአዳራሽ ፊት እንደ ጠበቃ ቆመው ይከራከራሉ። ከሦስቱ ፈታኞች አንዱ፣ ትልቁ መምህር፣ ሁሌ የሚቀመጡት መጨረሻው ወንበር ላይ ነው። ከዚያ ካልተሰማቸው እጃቸውን ያነሳሉ። ሦስት ጊዜ ካነሱ ተፈታኙ ወደቀ። ጆሯቸው ከብዷል ይባላል፤ እሳቸው ግን ጆሮዬ ደህና ነው፣ እናንተ ናችሁ ድምፅ የሌላችሁ ይላሉ። ሹክሹክታ አፏን በከፈተች በአራት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ እጅ ተነስቶባታል። የቀራት አንድ ድጋሚ ፈተና ነው፤ ያን ከወደቀች ከሕግ ትምህርት ቤት ትወጣለች።

ለምን አትጮሂም አልኳት፤ የሞኝ ጥያቄ ነበር። አባቷ ዳቦ ቤት የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው፤ ቀን ይተኛል። ሰባት ሆነው የሚኖሩት ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። እናቷ ልጆቿን ከመራመድ በፊት ያስተማረቻቸው ማንሾካሾክን ነው። እቤታቸው ኩባያ እንኳ ድምፅ ሳይሰማ ነው የሚቀመጠው። «ጮክ ልል ስል አባዬ የሚነቃ ይመስለኛል» አለችኝ። እጇ ሳታውቀው አፏ ላይ ነበር።

እየጎተትኩ ወንድሜ ፊት አቆምኳት። አየት አደረጋትና ጨርቅ ሰጣት።

እግሯ ጎበዝ ነበር። ቤቷ ውስጥ እየተንሸራተተች ስላደገች መራመዱን በአንድ ሳምንት ያዘችው። ሰይፏም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ድምፅ ግን የለም። ወንድሜ የራሱን ሰይፍ አግድም ይዞላት ምቺ ይላታል፤ ትመታለች፤ ቀርከሃው ጧ ይላል።

«አልተመታሁም» ይላታል።

ደግማ ትመታለች። አልተመታሁም። ይሄ ሦስት ሳምንት ቀጠለ። እኔ ልቤ ደማ። አንድ ቀን ቤት ስንሄድ ትንሽ እንዲያላላት ለመንኩት፤ ስትመታ ይቆጠርላት፣ ድምፁ ቀስ ብሎ ይመጣል አልኩት። ወንድሜ ቆም አለና እኔ ብቆጥርላት ትልቁ መምህር ፊት ስትቆም ማን ይቆጥርላታል አለኝ። መልስ ሲጠፋኝ እናደዳለሁ። እራት ላይ አላናገርኩትም።

በራሴ መንገድ ልረዳት ብዬ ኳስ መጋዘን ውስጥ ዘጋኋት። እዚህ የሚሰማሽ ኳስ ብቻ ነው፣ ጩኺ አልኳት። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት። ምንም። ስከፍተው ጥግ ላይ ቆማ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ ላብ አጥምቋታል። ጮህኩ እኮ አለችኝ። ኳሶቹም የሰሙ አይመስለኝም። በዘጠነኛው ሳምንት ግን ወንድሜን ስትመታ ዘይት ያጣ ማጠፊያ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ዐሥራ አንዱም ሥራቸውን አቁመው ዞሩ። ወንድሜ ትንሽ አሰበ። «አቅራቢያዬ ደርሷል» አለ። ለሱ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

በዐሥረኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ድጋሚ ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ትርኢት ተዘጋጀ። ስልሳ ያህል ሰው መጣ፤ መምህራን፣ ጓደኞች፣ ዝናብ ያስገባቸው መንገደኞችም አሉበት። እስከዚያ ቀን ልምምድ ላይ ነጥብ ተቆጥሮ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ይሄ ነው። ወንድሜ ቀይና ነጭ ባንዲራ ይዞ መሐል ቆመ። ተጋጣሚዎቹ ጀርባቸው ላይ ቀይ ወይም ነጭ ጥብጣብ አስረዋል። ቀድሞ ሁለት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። የመጨረሻው ግጥሚያ የሹክሹክታና ክሬን የሚሉት የምህንድስና ተማሪ ነበር። ክሬን ከሷ በሁለት ራስ ይረዝማል፤ ልቡ ግን የዋህ ነው፣ ወለል ሲወለውል ጥግ የማይዘል እሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ነጥብ ክሬን አገኘ። ከላይ ወደ ታች፣ በሙሉ ድምፁ፣ ሜን። ሹክሹክታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከፍርግርጉ ጀርባ ፊቷ አይታይም። ወንድሜ ቀጥሉ አለ። ዞሩ፣ ተጠባበቁ፣ የሰይፎቹ ጫፍ ተነካካ። ክሬን እጁን ሊያነሳ ሲል ዘለቀች። ድምፁ ከማን እንደወጣ ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ጣራው ላይ ደርሶ የተመለሰ፣ ወፍራም፣ ረጅም ሜን ነበር። ሰይፉ የክሬን ቁር መሐል ላይ አረፈ። የወንድሜ ነጭ ባንዲራ ተነሳ።

ሹክሹክታ ራሷን ሰማች። ሰይፏን ወደ ላይ አንስታ ዘለለች፣ ደግማ ዘለለች፣ አዳራሹም አብሯት ተነሳ። እኔ እያጨበጨብኩ ነበር። ወንድሜ ሁለቱን ባንዲራዎች ከጉልበቱ በላይ አጠላልፎ ሲያወዛውዝ እጆቼ አየር ላይ ቀሩ። ነጥቡ ተሰረዘ።

አዳራሹ ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ ግን ገብቶኛል። 

«በሕግ አምላክ!»

ሹክሹክታ ናት። የራስ ቁሯን ሳታወልቅ መሐል ላይ ቆማለች። ይህ ቃል ሲጠራ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፤ ወንድሜም ቆመ።

«በምን አንቀጽ ነው የተሰረዘው?» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ከመጨረሻው ወንበርም ይሰማል።

ወንድሜ ደስታውን ያሳየ ነጥቡን ያጣል፣ በሕጉ አለ አላት።

«የለም፣ መምህር። በሩ ላይ የተለጠፈውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ዐሥራ አንድ ቁጥር ነው፤ ደስታን የሚከለክል አንድም የለም። ያልታወጀ ሕግ ማንንም አያስርም።»

«ከዳኛ ጋር መከራከርን የሚከለክለውስ?»

«እሱ አለ። ዐሥራ አንደኛው ነው፤ ያውም በደማቅ ፊደል። በእሱ ሊቀጡኝ ይችላሉ። በሌላው ግን አይችሉም።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ወንድሜ ባንዲራዎቹን አጥፎ ወደ በሩ ሄደ። ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጣቱ ዐሥረኛው ላይ ቆመ፣ ወደ ዐሥራ አንደኛው ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው ለማደርም ጊዜ አልሰጠኝ። ተነሳሁ። ስልሳ ሰው ፊት፣ በተወለወለው ወለሌ ላይ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሰው ስቆጣ የኖርኩት ሴትዮ እንደ ተማሪ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። «ሰው እንዳይሸሽ ብዬ ነው።»

ወንድሜ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ወደ መሐል ተመለሰና ሹክሹክታ ፊት ቆመ፤ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳት። አስተማሪ የተለጠፈውን ማንበብ ነበረበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አንዴ የተሰረዘ ነጥብ አይመለስም አለ። በዐሥራ አንደኛው ቁጥር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ሹክሹክታ እጅ ነሳችና ወደ ቦታዋ ሄደች። ግጥሚያው ቀጠለ። እየጮኸች ገባች፣ እየጮኸች ተመለሰች፣ በመጨረሻ ክሬን አንጓዋን መታት። ክሬን ሕጉን አሁን ሰምቷልና አሸንፎ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጢሙ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ አብረን ወደ ቤት ሄድን። በራችን ጋ ስንደርስ ወንድሜ ሳልጠይቀው ተናገረ። ደስታ አልተከለከለም አለ። የተመታው ሰው ፊትሽ ቆሞ ሳለ ብቻ ነው። እሱ ባይቆምልሽ ምቱን አታገኚውም ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ታከብሪያለሽ፣ ደስታሽን ኋላ ቤትሽ ይዘሽ ትገቢያለሽ። «ይሄን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ እታለም» አለኝ። ሁሉን የምጠይቅ ሴት ይሄን አንድ ነገር አልጠየቅሁም። ተቃጠልኩ።

በነጋታው ጠዋት አዳራሹን ስከፍት ከወረቀቴ ሥር ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። በወንድሜ የጉንዳን ጽሕፈት የተጻፈ ነው፦ «ቁጥር 10 (ሀ)። ነጥብ ያስቆጠረ ተጋጣሚ ደስታውን ቢያሳይ ነጥቡ ይሰረዛል። ይህ ማሻሻያ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም።» ከሥሩ ቀንና ፊርማ አለ። ሳቄን ልለቀው ስል ሹክሹክታ ከኋላዬ ቆማ አየኋት። ይቅርታ ጠየቅኋት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ምን? አልኳት።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ይቅር ብዬሻለሁ እትዬ» ነበር ያለችው።

ድምፁ የት ገባ? ትላንትና ጣራ የነካው ድምፅ! ራሷም ግራ ገብቷታል። የመጣልኝ ስለተናደድኩ ነው አለችኝ፤ ፈተና ላይ ግን የምናደድበት ሰው የለም። ያን ሳምንት ልምምድ ላይ ጮኸች፣ ግን ግማሹን ነው። ሰይፍ ስትይዝ አለ፣ ስታስቀምጥ የለም። ሰይፍ ይዞ ችሎት መግባት አይፈቀድ። እኔ ደግሞ ያን ነጥብ ባልሰርቅባት ኖሮ ድምፅዋን እንዳመነች ትቀር ነበር ብዬ አስብ ነበር።

የፈተናው ቀን ቁልፌን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቼ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ምስለ ችሎት ለሁሉም ክፍት ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ከትልቁ መምህር በአንድ መተላለፊያ ርቄ ተቀመጥኩ። ወንድሜና ዐሥራ አንዱ ተማሪዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰውዬ መጥቶ ተቀመጠ። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ከሌሊት ፈረቃ ቀጥታ ነው የመጣው። ልጄ ዛሬ ትከራከራለች አለኝ፣ በሹክሹክታ። ሳይጠሯት በፊት አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። ተኛ።

ሹክሹክታ ጥቁሩን ካባ ለብሳ ወጣች። ጉዳዩ የጎረቤት ዛፍ ወድቆ የሰበረው አጥር ነው። የተከበረው ችሎት ብላ ጀመረች፤ ያን ያህሉን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ከንፈር ብቻ ነው። ትልቁ መምህር እጃቸውን አነሱ። ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች። እጃቸውን ደግመው አነሱ። አንድ ቀራት። ዓይኗን ወደኛ ላከች፤ ዓይኗ አባቷ ላይ አረፈ። ተኝቷል፣ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። እጇ ወደ አፏ ሲሄድ አየሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው ሲተኛ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሏል። ልቀስቅሰው ብዬ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እኔ ከቀሰቀስኩት እሷ አልቀሰቀሰችውም ማለት ነው።

እጇን አወረደች። የግራ እግሯ ትንሽ ወደኋላ ተንሸራተተ። ትከሻዋ ወረደ፣ ሆዷ ሞላ።

«የተከበረው ችሎት፣ ዛፉ ከመውደቁ በፊት ዘንበል ብሎ ነበር! ተከሳሽ ያውቅ ነበር!»

መስኮቱ ነዘረ። ትልቁ መምህር ግማሽ ድረስ ያነሱትን እጅ አወረዱ። «ልጄ፣ ደንቆሮ ነኝ እንዴ? እሰማለሁ እኮ፤ ቀጥይ» አሏት። ቀጠለች። ያ እጅ እስከ መጨረሻው አልተነሳም፤ ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲለጠፍ አልፋለች።

አባትዬው ግን ያኔ ነው የነቃው። ከወንበሩ ብድግ ሊል ሲል ክንዱን ያዝኩት። ዓይኑ ደፍርሶ ግራ ቀኙን አየ።

«እህቴ፣ ማነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ልጅዎ ናት» አልኩት።

«የኔዋ?»

አዎ አልኩት። አንገቱን አስግጎ አዳመጣት። አጥሩን፣ ዛፉን፣ ጎረቤቱን፣ ሁሉንም አዳመጠ። 

«ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖረን» አለኝ፣ «ድምፅዋን ዛሬ ሰማሁት።»

ከዚያ ወዲያ አልተኛም።